የሌሊት ተረኛዋ

የድንጋይ በር ዓይን ክሊኒክ ፎቶ የሚያነሳው በሌሊት ነበር። ምክንያቱ ሌላ አይደለም፤ መብራት ነው። ቀን ቀን የከተማዋ ወፍጮዎች፣ ብረት በያጆችና እንጨት ቤቶች ኃይሉን ተሻምተው ስለሚስቡት፣ ያ በእርዳታ የመጣ የዓይን ፎቶ ማንሻ ገና ሲለኩሱት አንዴ ተንሰፍስፎ ይጠፋል። ሲመሽ ወፍጮው ይዘጋል፣ በያጁም ጥቁር መነጽሩን አውልቆ ወደ ጠላው ይሄዳል፣ ያኔ መብራቱ ይረጋል። ስለዚህ ታካሚው ሁሉ ማታ ይመጣል፣ ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ላይ ይደረደራል፣ ጎህ ሳይቀድ ተራው ደርሶት ይወጣል። እንዲህ ያለ አሠራር መጽሐፍ ላይ ይኑር አይኑር እንጃ፤ ድንጋይ በር ግን ሌላ አላወቀችም።

ማሽኑ ላይ የምትቀመጠው ትርንጎ ነበረች። አጭር፣ ድንቡሽ ያለች፣ ሠላሳውን የዘለለች፣ ባል ያላገባች፣ ከመናኸሪያው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር ሴት ናት። ታካሚዎቹ ነጭ ካፖርት ያደረገ ሰው ሁሉ ነርስ ስለሚመስላቸው ሲስተር ይሏታል፤ አታርማቸውም። ሙሉጎጃም የምትባል ባልደረባ ነበረቻትና ሌሊቱን እየተፈራረቁ ይሠሩት ነበር። ሙሉጎጃም ልትወልድ ሄደች፣ ወለደች፣ ቀረች። ምትክ ይላካል ተባለ። የተላከ ግን የለም። ከዚያ ወዲህ ሌሊቱ ሁሉ የትርንጎ ሆነ፤ ቀኑም ቢሆን የእሷ አልሆነም፤ የመናኸሪያው ረዳቶች ጩኸት ከቆርቆሮው ግድግዳ አልፎ ትራሷ ድረስ እየገባ ያነቃታል።

የፎቶው ክፍል ከኮሪደሩ ጫፍ ነው። ድሮ የኖራና የቀለም መጋዘን ነበር፤ ቢታጠብም ቢቀባም ያ የራሰ ኖራ ሽታ ከግድግዳው አልወጣም፤ በተለይ ሌሊቱ ሲገፋ፣ ሰው ሁሉ ሲቀዘቅዝ፣ ሽታው ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት እንደሚደርስ ውሃ ቀስ እያለ ይሞላል። መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል። መብራት አይበራም፤ ብሌን የሚሰፋው በጨለማ ነው። ከማሽኑ ትንሽ ስክሪን የሚወጣው ፈዛዛ ብርሃን የትርንጎን አገጭና ሁለት እጆቿን ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ክፍል ስፋቱም፣ ውስጡ ያለውም አይታወቅም። ከእግሯ ስር ኃይሉን የሚያረጋጋው ስታቢላይዘር ያጉረመርማል፣ አንዳንዴ ቀጭ ይላል፣ ደግሞ ያጉረመርማል። ሌሊቱን ሙሉ የሚያናግራት እሱ ብቻ ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

ሥራው እንዲህ ነው። ታካሚዎቹ ኮሪደሩ ላይ ሳሉ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግላቸዋል። ጠብታው ዓይን ስለሚያደበዝዝ፣ ድሮም በቅጡ የማያየው ሰው ጭራሽ ግድግዳ እየዳበሰ ይገባል። አገጩን በማሳረፊያው ላይ ያደርጋል፣ ግንባሩን ያስጠጋል። ትርንጎ ወዲያ ማዶ ሆና በትንሿ እጀታ ማሽኑን ወዲህ ወዲያ ታደርገዋለች፤ የዓይኑ የውስጥ ግድግዳ ጠርቶ ሲመጣላት ጠቅ ታደርጋለች፤ ብልጭ ይላል። ብልጭ ሲል የማይደነግጥ የለም፤ ወታደር የነበረውም ራሱን ወደ ኋላ ይሰብቃል። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቀላ ያለ ሜዳ ነው፤ ደም ስሮቹ እንደ ክረምት ጅረት ይበታተኑበታል፣ በአንድ ጎኑ ደግሞ ነርቩ የሚገባበት ክብ ቦግ ይላል። ስኳር የያዘው ሰው ዓይን ከሆነ እዚህም እዚያም የደም ነጠብጣብ አለበት።

ፎቶው በኢንተርኔት ትልቁ ከተማ ላሉት ለዶክተር ናሁሰናይ ይሄዳል። ዶክተሩ ያዩና ይነበባል ወይም አይነበብም ይላሉ። የተነበበለት ሰው በየሳምንቱ መጨረሻ በሚመጣው አውቶቡስ ተጭኖ ሌዘር ወደሚሠራበት ሆስፒታል ይሄዳል፤ ያልተነበበለት ይቀራል። የሌዘር ሐኪሞቹ ከውጭ ለዘመቻ የመጡ ነበሩ፤ ይህን ወር ጨርሰው አገራቸው ይገባሉ። የትርንጎ እናት ወይዘሮ ዘርትሁንም ስኳር ዓይናቸውን እየበላው ነበርና፣ አዝመራቸውን አስሰብስበው በመጨረሻው ሌሊት ከቆላው ሊመጡ ተቀጥረዋል። ለትርንጎ የቀሯት እሳቸው ብቻ ናቸው። ለእሳቸው ዓይን የቀረችው ደግሞ ያቺ የመጨረሻዋ አውቶቡስ ናት።

እንቅልፍ ያጣ ሰው እጁ የራሱ አይደለም። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ ዶክተሩ ግን ተምረውም አልገባቸው።

«ትርንጎ፣ እነዚህን ውሃ ውስጥ ሆነሽ ነው እንዴ ያነሳሻቸው?» አሉ አንድ ቀን ጠዋት በስልክ። «ግማሹ ጥላ ነው። ግማሹ ተንቀሳቅሷል። የሽፋሽፍት ፎቶ ላኪልኝ ያለሽ አለ?»

«መብራቱ ነው ዶክተር።»

«መብራቱ እጅ የለውም። አይነበብም ባልኩ ቁጥር አንድ ሰው እየታወረ እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል?»

ታውቃለች። አይነበብም የተባሉትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ታውቃለች። የዚያን ዕለት ቀን አልጋዋ ላይ ጣሪያ ስታይ ውላ፣ ማታ ጥርሷን ነክሳ ገባች።

በዚያ ሌሊት ነው የጀመረው። አቶ ቢራራ የሚባሉ ረጋ ያሉ ገበሬ አገጫቸውን አስቀምጠው፣ እሷም እጀታውን ይዛ፣ ስታቢላይዘሩ እያጉረመረመ፣ ዓይኗ ላይ የሆነ ለስላሳ ነገር ወረደ። ስትባንን ፊቷ እጀታው ላይ ተደፍቷል፣ ምራቋ ክንዷን አርሶታል፣ ከፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ባዶ ነው፣ በሩም ገርበብ ብሏል። ከኮሪደሩ የአቶ ቢራራ ድምፅ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ» ሲል ይሰማል። ሳላነሳቸው ወጡ ብላ ቀና አለች። ስክሪኑን ስታይ ግን የአቶ ቢራራ ሁለቱም ዓይኖች አሉ፤ የጠሩ፣ የተስተካከሉ፣ ፀጉር የምታክል ደም ስር ሳትቀር እንደ ቅጠል ጅማት የምትቆጠርባቸው ፎቶዎች። እጄ ለምዶት ነው አለች። ሰው ተኝቶ ይሄዳል፤ ተኝቶ ፎቶ ቢያነሳ ምን ይገርማል። ደግሞስ ሌላ ማን አለ።

ጠዋት ዶክተር ናሁሰናይ ደወሉ። «ይኸውልሽ፣ ስትፈልጊ ትችያለሽ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ልማድ ሆነ። ነቅታ ያነሳችው ፎቶ ይደበዝዛል፤ እንቅልፍ ጥሏት ስትነቃ የምታገኘው ግን መስታወት ነው። ድካሙ በባሰ ቁጥር ፎቶው ይጠራል። መጀመሪያ ደነገጠች፣ ቀጥሎ አፈረች፣ በመጨረሻ ዝም አለች። አይነበብም የሚባል ሰው ጠፋ። ታካሚው ይመርቃታል፣ ዶክተሩ ያመሰግኗታል። ምን ብላ ለማን ትናገር? ተኝቼ ነው የምሠራው ትበል?

አንዲት አሮጊት ከክፍሉ ሲወጡ ክንዷን ያዝ አድርገው «አንቺስ ደህና ነሽ፤ ያቺ ጓደኛሽ ግን እጇ እንዴት ይቀዘቅዛል» አሏት።

«የቷ ጓደኛዬ እማማ?»

«ያቺ ረጅሟ። አገጬን ይዛ ቀና ያደረገችኝ። ለስላሳ ናት፤ ብቻ እጇን ታሙቅ።»

ጠብታ ያለበት ዓይን አንዱን ሁለት፣ አጭሩን ረጅም ቢያደርግ አይደንቅም። ትርንጎ ይህን ለዘበኛው ለጋሽ ማንደፍሮ ስትነግረው ከበሩ ዳር በጋቢው ተጠቅልሎ ሬዲዮውን እየጎረጎረ ሳቀባት።

«ረጅም ጓደኛ ካገኘሽማ ያንን የተቃጠለ አምፖል ታውርድልን። እኔ ወንበር ላይ ወጥቼ እንኳ አልደረስኩበትም።»

«ትቀልዳለህ ጋሽ ማንደፍሮ።»

«ምን ላድርግ፣ ልተኛ? አንዳችን እንኳ እንንቃ እንጂ።»

ሳቀች። ስትመለስ ግን ኮሪደሩ ከወትሮው የረዘመ መሰላት፤ በአግዳሚው ላይ የተደረደሩት ታካሚዎች ጠብታቸው ተደርጎ፣ ራሳቸውን ግድግዳ ላይ ደገፍ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ብሌናቸው እንደ ጉድጓድ አፍ ሰፍቶ ወደ ጣሪያው ያያሉ፤ በእግሯ ድምፅ ዘወር ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ሌሊት ደግሞ ወንበሯ ላይ አልነቃችም። የነቃችው በክፍሉ ማዕዘን፣ እሷ ከኋላዋ መኖሩን እንኳ የረሳችው አሮጌ አልጋ ላይ ነው፤ ጫማዋ ወልቆ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ ነጠላዋ እስከ ትከሻዋ ተስቦ፣ ከአንገቷ ስር እንዳይበርዳት ሸጎጥ ተደርጎላታል። ጨለማው ውስጥ፣ ማሽኑ ባለበት በኩል፣ እጀታው ወዲህ ወዲያ ሲል ይሰማል። ጠቅ። ብልጭ። በዚያች ብልጭታ ያየችው አንድ ጀርባ ነው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ፣ ራሱን ለማሽኑ ዝቅ ያደረገ፣ እንዲያም ሆኖ ራሱ ከማሽኑ በላይ የቀረ ረጅም ጀርባ። ከዚያ ጨለማው ተመልሶ ገጠመ። መነሳት ነበረባት። መጮህም ነበረባት። ሰው ሊያደርገው የሚገባውና የሚያደርገው አንድ አይደለም። ትርንጎ ከልጅነቷ ወዲህ ማንም አልብሷት አያውቅም። ታማ ስትወድቅ እንኳ ራሷን የምታለብሰው ራሷ ናት። ነጠላዋን ጨበጥ አደረገችና፣ ያ የራሰ ኖራ ሽታ ደረቷ ድረስ እየሞላ፣ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

ጠዋት ሕልም ነው አለች። ጫማዋን ግን ከአልጋው ስር አንስታ ነው ያደረገችው።

ሕልም አለመሆኑን የነገሯት አቶ ቢራራ ናቸው። እሳቸው አስቀድመው ሌዘር ተሠርቶላቸው ለምርመራ የተመለሱት ቀን ነው፤ ትርንጎ ደመወዟን ልትፈርም ገብታ ግቢው ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ፣ ከባለቤታቸው ጋር ቆመው አገኘቻቸው።

«በራልዎት አባቴ?»

«በራልኝ» አሉ። «ያ ማዶ ያለው ዛፍ ላይ የተቀመጠችው ወፍ ጥፍሯ ይታየኛል። ብቻ አይከደንልኝም።»

«ምኑ?»

ባለቤታቸው ቀደም አሉ፤ ፊታቸው በሐዘን ገርጥቷል። «ከተሠራለት ወዲህ አልተኛም፣ ልጄ። አንዲት ሌሊት። ግድግዳውን እያየ ያነጋል። ተኛ ስለው፣ እንቅልፌን እዚያ ትቼዋለሁ ይለኛል። ሐኪሙ ይለምደዋል አሉን። ሰው እንዴት ይህን ይለምዳል?»

ትርንጎ የአቶ ቢራራን ዓይን አየች። ፀሐዩ ፊት ለፊታቸው ነው፤ አያርገበግቡም። እሷንም አልነበረም የሚያዩት። ከራሷ በላይ፣ ከትከሻዋ አለፍ አድርገው እያዩ፣ ከአንገታቸው ዝቅ ብለው እንደ ጨዋ ደንብ እጅ ነሱ።

«ዛሬ በቀን አብራችሁ ወጣችሁ» አሉ።

ዘወር አላለችም። ጀርባዋን ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እንደ ብርድ ይሰማት ጀመር። ቤቷ ገብታ በሩን ቆልፋ ቁጭ ስትል የገባት አንድ ነገር ነው፤ በእነዚህ ሌሊቶች ሁሉ እሷ የተኛችው እንቅልፍ የሷ ሳይሆን የታካሚዎቹ እንደነበረ። ደግሞም የመጨረሻው ሌሊት ነገ ነው፤ እናቷ በመንገድ ላይ ናቸው። ከቀሩ ይታወራሉ። ከመጡም ያቺ ረጅሟ ካነሳቻቸው ይበራላቸዋል፣ እንደ አቶ ቢራራ። ስለዚህ የቀረው ነቅቶ ማደር ነው። በራሷ እጅ፣ በራሷ ዓይን፣ የጠራ ፎቶ። አንድ ሌሊት ብቻ።

ወይዘሮ ዘርትሁን ገና ከበሩ ድምፃቸው ቀድሟቸው ገባ። በአጭርነት ከልጃቸው ቢበልጡ እንጂ የማያንሱ ሴት ናቸው፤ ጋሽ ማንደፍሮ ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል «ልቀቀኝ፣ የታወርኩ መስሎህ ነው? አንተ እኮ ዓይን እያለህ ነው በር ላይ የተጎለትከው» ብለው ነበር።

«ይኼ ነው የምትሠሪበት?» አሉ ትርንጎን እየዳበሱ። «የእህል ጉድጓድ አይሻልም?»

«እማዬ ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። የጠፋው ዓይኔ እንጂ አፌ መቼ ጠፋ።» ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ አውራ ጣታቸው ከዓይኗ ስር ያለውን ጉድጓድ አገኘው። «ከስተሻል። እዚህ የሚያበላሽ የለም?»

«ደክሞኝ ነው።»

«ድካምማ እኔም ደክሞኝ አውቃለሁ። ይኼ ድካም አይደለም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ። ጨለማውን አልፈራም። ያንቺን መልክ መርሳት ግን አልወድም። አሁን እንኳ በእጄ ነው የማይሽ። እስቲ በደንብ አንሺኝ።»

«በደንብ አነሳሻለሁ።»

መጀመሪያ እሳቸውን ማንሳት ትችል ነበር። አእምሮ ያለው ሰው እንዲያ ያደርጋል፤ እጇ ገና ሳይዝል፣ ሌሊቱ ገና ሳይጀምር። ነገር ግን አግዳሚው ላይ ከሩቅ ቆላና ደጋ የመጡ ሰዎች ተደርድረዋል፤ እናቷን አስቀደመች ይሉኛል ብላ ፈራች። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ ነው፣ ሌዘር አይነካውም። እናቷን የመጨረሻ ተረኛ አደረገቻቸው። ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ባዶ ነበርና እዚያ አልጋ ላይ አስተኝታ፣ በአንሶላ አልብሳ «ተራሽ ሲደርስ እጠራሻለሁ፣ ጠብታውንም ያኔ አደርግልሻለሁ» ብላ በሩን ዘጋችላቸው።

ሌሊቱን እንዴት እንዳደረችው እሷው ታውቃለች። ማዕዘን ያለውን አልጋ ጎትታ ኮሪደር አወጣችው። ሚጥሚጣ በወረቀት ቋጥራ መጥታ ነበር፤ ዓይኗ በከበደ ቁጥር በጣቷ ጫፍ ምላሷ ላይ ታደርጋለች፣ እንባዋ እስኪወርድ። በየታካሚው መሐል ትነሳለች፣ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ትመታለች፣ ቆማ ትሠራለች። ከኋላዋ የሚቆም ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ትንፋሹን አትሰማም፣ እንዲያውም የሚሰማው ትንፋሽ የሚባል ነገር በዚያ በኩል አለመኖሩ ነው። ግድግዳው የሷን የእግር ኮቴ መልሶ ይሰጣል፤ ከኋላዋ ሲሆን ግን ድምፁ ተውጦ ይቀራል። አልዞርም አለች፣ አልዞረችም። ፎቶዎቹ አልጠሩም፤ ይነበባሉ ግን። አንድ በአንድ ተነበበ፣ ተነበበ እያለ የዶክተሩ መልስ ስልኳ ላይ ይመጣል፤ እሳቸውም በዚያች ሌሊት አልተኙም። የጨረሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ወደቆመው አውቶቡስ ይሄዳል። አግዳሚው ሳሳ፣ ከዚያ ባዶ ሆነ።

አሁን ሰውነቷ ጥጥ ሆኗል። ሐሳቧ ተጀምሮ መሐል ላይ ይጠፋታል። ሄጄ ላምጣት ብትል፣ ከወንበሯ ከተነሳች የምትወድቅ መሰላት፤ ደግሞም ወንበሩን ባዶ ትታ መሄድ ፈራች። በሩን ከፈት አድርጋ ወደ ጨለማው ኮሪደር «እማዬ፣ ነይ፣ ተራሽ ነው» ብላ ተጣራች።

ባዶ እግር ሲራመድ ተሰማ። ቀስ ብሎ፣ ሳይዳብስ። ከየትኛው በኩል እንደመጣ ልብ አላለችም። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ የተከናነበች ሴት ገብታ ተቀመጠች።

«በርዶሻል አይደል?» አለች ትርንጎ። አገጯን ይዛ ማሳረፊያው ላይ ስታስቀምጥ ቆዳዋ እንደ ማድጋ ይቀዘቅዛል። «ትንሽ ነው፣ ወዲያው እንጨርሳለን።»

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች። ትርንጎ እናቷ ዝም ሲሉ አይታ አታውቅም፤ ፈርታ ነው አለች። የማሽኑን ጠረጴዛ ከፍ አደረገች፤ አሁንም አልደረሰም፣ ደግማ ከፍ አደረገች። ወንበሩ ነው አለች። ጠብታውን ልታደርግ ስትል ብሌኗ አስቀድሞ ተከፍቷል፤ እንዲህ ሰፍቶ ያየችው ብሌን የለም፣ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነው፤ አድርጌላት ረስቼው ነው አለች። ያ ሽታ አንገቷ ድረስ ደርሷል፤ ክፍሉ ነው አለች። ለእያንዳንዱ መልስ ነበራት። የደከመ ሰው መልስ አያጣም።

እጀታውን ያዘች። እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ አልተንቀጠቀጠም። ጠቅ። ብልጭ። ሴትየዋ አልሰበቀችም፣ አላርገበገበችም። ሌላው ዓይን። ጠቅ። ስክሪኑ ላይ የወጣውን ስታይ ትርንጎ እንባዋ መጣ፤ ነቅታ፣ በገዛ እጇ፣ በሕይወቷ ካነሳቻቸው ሁሉ የጠራው ፎቶ ይህ ነው። ደም ስሮቹ ግን በዙ። ቅርንጫፍ ከቅርንጫፍ እየወጣ፣ ውሃ እንደሚፈልግ ሥር፣ ከፎቶው ጠርዝ አልፎ የሚሄድ ይመስል ነበር። የስኳሩ ክፋት ነው አለችና ላከችው።

መልሱ ቶሎ መጣ። «እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። በአስቸኳይ ትምጣ።»

«አለፍሽ እማዬ» አለች ትርንጎ። «አውቶቡሱ ውጭ ነው፣ ጋሽ ማንደፍሮ ያሳፍርሻል። እኔ ማሽኑን ዘግቼ ሲነጋ በጠዋቱ መኪና እደርስብሻለሁ። ከሌዘሩ ስትወጪ ፊትሽ ቆሜ ታገኚኛለሽ።»

ሴትየዋ ተነሳች። ከኋላዋ ዞራ ቆመች፤ ቀዝቃዛ ጣቶች የትርንጎን ነጠላ ትከሻዋ ላይ ሳብ አደረጉላት፣ ከአንገቷ ስርም ሸጎጥ አደረጉላት። ትርንጎ ጉንጯን ወደዚያ እጅ አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች፤ በዚያች ቅጽበት በዓለም ላይ ብቻዋን አልነበረችም። ስትገልጥ በሩ ተከፍቷል፣ ክፍሉም ባዶ ነው።

ማሽኑን ሸፍና ወደ ግቢው ስትወጣ ሰማዩ አመድ መስሏል። አውቶቡሱ ከበሩ ወጥቶ ቁልቁል ሲወርድ የኋላ መብራቱ ብቻ ይታያል። ጋሽ ማንደፍሮ በሩን እየዘጋ ነበር።

«አሳፈርካት?»

«እንዴታ። ስማቸው ሲጠራ ሰተት ብለው መጡ፣ ክንዴን እንኳ አልፈለጉም። ደግሞ ምን ነካቸው? ሲመጡ ሰድበው አልጠገቡኝም፣ አሁን አንዲት ቃል የለም።»

«ፈርታ ነው።»

«ይሁና። ቁመታቸውን ማታ ልብ አላልኩትም፤ የአውቶቡሱ በር ግንባራቸውን ጓ አደረጋቸው፣ እህ አላሉም። አንቺ በአባትሽ ነው የወጣሽው ማለት ነው፣ ይቺን የምታክል።»

ትርንጎ ሳቀች። ሳቁ አፏ ላይ ቀረ። አውቶቡሱ የሄደበትን መንገድ አየች፤ ከአቧራው በቀር የለም። ከተማው ውስጥ የመጀመሪያው ወፍጮ ሲነሳ ተሰማ፤ ከሱ ቀጥሎ ሌላው፤ ከኮሪደሩ ጫፍ ስታቢላይዘሩ አንዴ ቀጭ አለና ዝም አለ። እየተራመደች ነው የሄደችው፣ ሳትሮጥ፣ በባዶው አግዳሚ አጠገብ፣ ግድግዳውን እንደ ታካሚ እየዳበሰች፣ ቁስል የሚታጠብበት ክፍል ድረስ። በሩ ማታ እንደዘጋችው ነው። ገፋ ስታደርገው አልጋው ላይ አንሶላው ተንቀሳቀሰ፤ ከስሩ አጭሯ እናቷ በክርናቸው ቀና ብለው፣ ጤፍ የምታክል ብሌናቸውን ወደ በሩ ድምፅ አዞሩና፣ በእንቅልፍ በሻከረ ድምፅ «ትርንጎ፣ ተራዬ ደረሰ እንዴ?» አሏት።